ይታሰር እንጂ አይበየድ፡- ስለ ጃፓን ጥንታዊ ሳንቲሞችና ስለ ጌጣጌጥ

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ነገር ነው፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ድንበር፡፡ እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ከጠርሙስ ቆርኪ ስለሚያንስ ነገር ነው፡፡ መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ ጠቆር ያለ የነሐስ ሳንቲም፡፡ አገሩ ጃፓን ነው፡፡ ከተሠራ ብዙ ዘመን አልፎታል፡፡ ዛሬ ግን በየአገሩ በሰው አንገት፣ በጆሮና በጣት ላይ እናገኘዋለን፤ ሐብል፣ ጉትቻና ቀለበት ሆኖ፡፡

ጉዳዩ በክፍላችን ክርክር አስነስቶ ነበር፡፡ አንዷ የክፍላችን ልጅ ውጭ አገር ያለች አክስቷ የላከችላትን እንዲህ ያለ ሐብል አድርጋ መጣች፡፡ የምሥራቅ እስያ ታሪክ የምንማርበት ሴሚስተር ስለነበር ሁላችንም ሊቅ ሆንን፡፡ ገሚሱ «ይኼ እኮ ቅርስ ነው! ሙዚየም መቀመጥ ሲገባው አንገት ላይ ምን ይሠራል?» አለ፡፡ ገሚሱ ደግሞ «የራሷ ንብረት ነው፡፡ ብትፈልግ ትበሳዋለች፣ ብትፈልግ ታቀልጠዋለች፤ ምን አገባችሁ?» አለ፡፡

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፡፡ አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፡- ጥንታዊ ሳንቲምን ጌጥ ማድረግ ነውር አይደለም፡፡ ነውሩ ተመልሶ ሊፈታ በማይችል መንገድ ጌጥ ማድረጉ ነው፡፡ ባጭሩ ይታሰር፣ ይታቀፍ፣ ይንጠልጠል፤ ግን አይበሳ፣ አይበየድ፣ አይፈተግ፡፡ ለምን እንዲህ እንደምል ከራሳቸው ከሳንቲሞቹ ታሪክ ተነስቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ለመታሰር የተሠራ ገንዘብ

ስለ ጃፓን ሳንቲም ሲወራ በብዛት የሚነሳው መነሻ ዓመት 708 ነው፡፡ በዚያን ጊዜ የወጣው «ዋዶ ካይቺን» የተባለው ሳንቲም ቅርጹ የተቀዳው ከቻይና ከታንግ ሥርወ መንግሥት ሳንቲም ነው፤ ውጪው ክብ፣ መሀሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፡፡ ክቡ ሰማይን፣ አራት ማዕዘኑ ምድርን ይወክላል ይባላል፡፡ የጃፓን ቤተ መንግሥት ከዚህ ጀምሮ እስከ 958 ድረስ በድምሩ 12 ዓይነት የነሐስ ሳንቲሞችን አወጣና ሥራውን አቆመ፡፡ ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያየው በአመዛኙ ከቻይና በመርከብ በመጣ ሳንቲም ነው፡፡

ነገሩ የተለወጠው ቶኩጋዋ የሚባሉት የጦር ገዢዎች (ሾጉኖች) አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው፡፡ በ1636 «ካንኤይ ትሱሆ» የተባለውን ሳንቲም በብዛት ማውጣት ጀመሩ፡፡ «ካንኤይ» የዘመን ስም ሲሆን ከ1624 እስከ 1644 ያለውን ጊዜ ያመለክታል፡፡ «ትሱሆ» ማለት ደግሞ «የሚዘዋወር ሀብት» እንደ ማለት ነው፡፡ የክፍላችን ልጅ አንገት ላይ የነበረው ይኼው ነው፡፡ በዛሬው የጌጥ ገበያም ከጃፓን ጥንታዊ ሳንቲሞች ሁሉ እንደ ልብ የሚገኘውና ርካሹ እሱ ነው፡፡

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ፡፡ ይኼ ሳንቲም በመዶሻ የተመታ ሳይሆን በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፡፡ ከቅርጹ ሲወጣ ሳንቲሞቹ እንደ ዛፍ ቅጠል በአንድ ግንድ ላይ ተያይዘው ይወጡ ነበር፡፡ ሠራተኛው አንድ በአንድ ሰብሮ ያወጣቸውና በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ይሰካቸዋል፡፡ ዘንጉ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሳንቲሞቹ አይሽከረከሩም፤ ስለዚህ ሻካራው ጠርዛቸው በአንድ ጊዜ ይሞረዳል፡፡ ገበያ ከወጡ በኋላ ደግሞ ያው ቀዳዳ ለገመድ ያገለግላል፡፡ ሰዉ ሳንቲሙን በገመድ ሰክቶ ነበር የሚይዘው፡፡ የሚገርመው ደግሞ በአንዱ ገመድ ላይ 96 ሳንቲም ብቻ ቢኖርም እንደ 100 ተቆጥሮ ያልፍ ነበር፡፡ ማንም አራቷን ፈትቶ አይቆጥርም፤ ልማድ ሆኗላ!

እንግዲህ «ሙዚየም ነው ቦታው» ለሚሉት ወዳጆቼ የመጀመሪያ መልሴ ይኼ ነው፡፡ ይህ ሳንቲም ሲፈጠርም ለመታሰር ነው የተፈጠረው፡፡ ስሙ ራሱ «የሚዘዋወር» ይላል፡፡ በቀዳዳው ክር አሳልፎ አንገት ላይ ማድረግ በሳንቲሙ ላይ አንዳች ጉዳት አያደርስም፡፡ ክሩ ነገ ሲበጠስ ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፡፡

ማጌጥ ማለት ማንበብም ነው

ሁለተኛው ነጥቤ ትርጉምን ይመለከታል፡፡ ሳንቲም ዝም ያለ ብረት አይደለም፡፡ የካንኤይ ሳንቲም አራት ፊደላት አሉት፤ የሚነበቡትም መጀመሪያ ላይኛው፣ ቀጥሎ ታችኛው፣ ከዚያ ቀኙ፣ በመጨረሻ ግራው ነው፡፡ ይህን የማያውቅ አንጥረኛ ሳንቲሙን ዘቅዝቆ ይሰቅለዋል፡፡ የግዕዝ ፊደል ተገልብጦ የተጻፈበት ሐብል አድርጎ የሚዞር ፈረንጅ ብናይ የሚሰማንን አስቡት፡፡

ጀርባውም ታሪክ አለው፡፡ ከ1768 ጀምሮ የወጡት ባለ 4 ሞን ሳንቲሞች («ሞን» የሳንቲሙ መቁጠሪያ ነው) ጀርባቸው ላይ የማዕበል መስመር አላቸው፡፡ በ1668 ኤዶ ውስጥ (የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው) መሠራት የጀመሩት ደግሞ ጀርባቸው ላይ «ቡን» የሚል አንድ ፊደል ይገኛል፡፡ ስለነዚህኞቹ ሲነገር የኖረ ወሬ አለ፤ ኪዮቶ ከተማ የነበረ ትልቅ የነሐስ የቡድሃ ሐውልት በ1662ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተጎዳ በኋላ ቀልጦ ከእሱ ነው የተሠሩት ይባላል፡፡ ሊቃውንቱ በዚህ ወሬ ላይ አልተስማሙም፡፡ ሕዝቡ ግን ያንን ሳንቲም በሌላ ዓይን እንዲያየው አድርጎታል፡፡

ስድስት የካንኤይ ሳንቲም በአንድ ክር ሰክቶ ለሚያጌጥ ሰው ደግሞ ሌላ ወሬ አለኝ፡፡ በጃፓን የቡድሃ እምነት ልማድ ሟች ወደ ወዲያኛው ዓለም ሲሄድ ሳንዙ የተባለውን ወንዝ ይሻገራል፤ ለመሻገሪያ ይሆነው ዘንድ 6 ሳንቲም አብሮት ይቀበር ነበር፡፡ ሳናዳ የተባለው የጦረኞች ቤተሰብ አርማም እነዚሁ ስድስት ሳንቲሞች ናቸው፡፡ «መሻገሪያዬን ይዤ ነው የወጣሁት፣ ሞትን አልፈራም» ማለታቸው ነው ይባላል፡፡ እንግዲህ ስድስቱን ያሰረ ሰው ምን እንዳሰረ ቢያውቅ አይከፋም፡፡

ከቀልድም እንጨምር፡፡ በ1835 የወጣው «ቴንፖ ትሱሆ» ሞላላ ሳንቲም ነው፤ ቅርጹ ስለሚያምር አንጥረኞች ይወዱታል፡፡ መንግሥት 100 ሞን ነው ብሎ ቢያወጣውም ገበያው ግን ከ80 በላይ አልቀበልህም አለው፡፡ ጃፓን በ1871 የን የተባለውን አዲስ ገንዘብ ስታቋቁም ቴንፖ የ8 ሪን ዋጋ ተሰጠው፤ 10 ሪን ደግሞ 1 ሴን ነው፡፡ ከዚያ ወዲያ ማስተዋል የጎደለውን ሰው «ቴንፖ» እያሉ መስደብ ተጀመረ፤ ለመሙላት ሁለት የቀረው ለማለት፡፡ እኛስ «አንድ የጎደለው» እንል የለ?

ታዲያ ጃፓኖቹ ራሳቸው በእነዚህ ሳንቲሞች ያጌጡ ነበር ወይ ቢባል በብዛት አይደለም ነው መልሱ፡፡ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጃፓን ሴት ጌጥ የፀጉር ማበጠሪያና ወስፌ ነበር፤ የወንዱ ደግሞ የሰይፍና የቦርሳ ማስጌጫ፡፡ ሐብልና ቀለበት በሰፊው የገባው ከሜይጂ ዘመን (1868-1912) ጀምሮ ነው፡፡ በሰሜን የሚኖሩት የአይኑ ሕዝቦች ግን ከንግድ ያገኙትን ሳንቲም ከመስተዋት ዶቃ ጋር በአንገት ጌጣቸው ላይ ይሰኩት ነበር፡፡ ይኼ ለክርክሬ ትልቅ ምስክር ነው፡፡ ገበያ ላይ የቀሩት ብዙዎቹ ሳንቲሞች ኋላ ቀልጠው ሲጠፉ፣ ጌጥ የሆነው ሳንቲም ግን ሰው ስለወደደው ተርፏል፡፡ ጌጥነት ሁልጊዜ ጥፋት ሳይሆን አንዳንዴም መትረፊያ ነው፡፡

ሚዛን የማያነበው ነገር

አሁን ደግሞ ወደ ብሩ እንሂድ፤ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው፡፡ ለእጅጌ ቁልፍና ለአምባር የሚፈለገው ሌላው የጃፓን ሳንቲም «ኢቺቡ-ጊን» ይባላል፡፡ ከ1837 ጀምሮ የወጣ ሲሆን፣ እንደ ትንሽ ጡብ አራት ማዕዘን የሆነ የብር ቁራጭ ነው፤ ክብደቱ 8.6 ግራም ገደማ፡፡ አራቱ ለአንድ «ኮባን» ይመነዘራሉ፡፡ ኮባን ሞላላ የወርቅ ገንዘብ ነው፡፡

በ1858 ጃፓን ከአሜሪካና ከአንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት ጋር የንግድ ውል ፈረመች፤ በ1859 ወደቦቿን ከፈተች፡፡ በውሉ መሠረት የውጭውና የአገሩ ገንዘብ በክብደት ልክ ይመነዘር ነበር፡፡ ያን ጊዜ የነጋዴው ገንዘብ 27 ግራም ገደማ የሚመዝነው የሜክሲኮ ዶላር ነው፡፡ ሚዛን ላይ ሲወጣ አንዱ ዶላር ከ3 ኢቺቡ ጋር እኩል ሆነ፡፡

ጉዱ የፈላው ይኼኔ ነው፡፡ የኢቺቡ ዋጋ በውስጡ ባለው ብር ሳይሆን መንግሥት ባተመበት ማኅተም ላይ የቆመ ነበር፡፡ በዚያ ላይ በጃፓን ወርቅ ከብር ጋር ያለው ምንዛሪ 1 ለ5 ገደማ ሲሆን በሌላው ዓለም 1 ለ15 ገደማ ነበር፡፡ ስለዚህ አንድ ነጋዴ 4 ዶላር ይዞ ይገባል፤ 12 ኢቺቡ ይቀበላል፤ በ12ቱ ኢቺቡ 3 የወርቅ ኮባን ይገዛል፤ ኮባኑን ሻንጋይ ወስዶ ሲሸጠው የያዘው ገንዘብ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፡፡ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል! የጃፓን ወርቅ በዚህ መንገድ ወጣ፡፡ መንግሥት በ1860 ያገኘው መፍትሔ ኮባኑን ማሳነስ ነበር፤ በቴንፖ ዘመን 11 ግራም ገደማ የነበረው 3.3 ግራም ሆነ፡፡ ዋጋ ናረ፤ በቁርጥ ቀለብ የሚኖረው ሳሙራይ ተጎዳ፡፡ በ1868 የሾጉኖቹ ሥርዓት ተገረሰሰ፡፡ ምክንያቱ ይኼ ብቻ ነው ባይባልም፣ የኑሮ ውድነቱ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ፡፡

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ወሬ ለማብዛት አይደለም፡፡ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን፤ ሳንቲም ሁለት ዋጋ አለው፡፡ አንዱ ሚዛን ላይ ይታያል፤ ሌላው የተጻፈበት ነው፡፡ የ1859ኙ ነጋዴ ማኅተሙን እንደሌለ ቆጥሮ ብሩን ብቻ መዘነ፡፡ ዛሬም ኢቺቡውን ተቀብሎ «ስንት ግራም ነው?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ፣ ከዚያ መሰርሰሪያውን የሚያነሳ አንጥረኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፡፡ ስምንት ግራም ብር የትም ይገኛል፡፡ የዚያን ዓመት ታሪክ የያዘ ስምንት ግራም ብር ግን እንደ ልብ አይገኝም፡፡

ጉዳቱ ምንድን ነው?

«ትንሽ ብትበሳ ምን ትሆናለች?» ለሚሉ በዝርዝር ልመልስ፡፡ ምሳሌዬ የሜይጂ ዘመን የብር የን ይሁን፡፡ ይህ ሳንቲም 26.96 ግራም ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 900ው ብር ነው፤ አንድ ገጹ ላይ የተጠቀለለ ዘንዶ አለው፡፡ በዘንዶው ምክንያት ለሐብል በጣም ይፈለጋል፡፡ ጃፓን በ1897 ገንዘቧን በወርቅ ላይ ስትመሠርት እነዚህ ሳንቲሞች ከአገር ውስጥ ገበያ ተሰበሰቡ፡፡ ገሚሶቹ ግን እንደ ታይዋን ባሉ ቦታዎች እንዲሠራባቸው «ጊን»፣ ማለትም «ብር»፣ የሚል ፊደል የያዘች ትንሽ ክብ ምልክት ተመታባቸው፡፡ ምልክቷ በግራ በኩል ከሆነች የመታት የኦሳካው፣ በቀኝ ከሆነች የቶኪዮው ማተሚያ ነው፡፡ አያችሁ፣ ከምስር ፍሬ ብዙ በማትበልጥ ምልክት ውስጥ አንድ ሙሉ የኢኮኖሚ ታሪክ አለ፡፡

አሁን አንጥረኛው ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ማንጠልጠያ ቀለበት ጠርዙ ላይ ይበይዳል፡፡ ጠንካራ የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፡፡ በዚያ ሙቀት የሳንቲሙ ገጽ ይለወጣል፣ የጠርዙ ጥርስ ይሞላል፡፡ ሁለተኛ፣ ይበሳል፡፡ ቀዳዳ ደግሞ አይደፈንም፤ ቢደፈንም ያስታውቃል፡፡ ሦስተኛ፣ «እንዲያበራ» ብሎ ይፈትገዋል፡፡ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ሦስተኛው ነው፡፡ ነሐስና ብር ዕድሜ ሲያገኙ የሚለብሱት ጠቆር ያለ ልባስ ብረቱን ይሸፍናል፣ ፊደሉንም አጉልቶ ያሳያል፡፡ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀውን ልባስ አንድ ሎሚና አንድ ብሩሽ በአምስት ደቂቃ ያነሱታል፡፡ ሰብሳቢዎችም የተበሳ፣ የተበየደና የተፈተገ ሳንቲምን ዋጋ እጅግ ዝቅ አድርገው ነው የሚገምቱት፡፡ ስለዚህ ታሪክ ለማይገደው ሰው እንኳ በኪስ በኩል ጉዳት አለው፡፡

ሌላው መንገድ ያን ያህል ከባድ አይደለም፡፡ ሳንቲሙን ዙሪያውን የሚያቅፍ የብር ክፈፍ ይሠራል፤ ሙቀቱን የሚቀበለው ክፈፉ ብቻ ነው፤ ሳንቲሙ በመጨረሻ ቀዝቅዞ ይገባና በትንንሽ ጥርሶች ወይም በብሎን ይያዛል፡፡ ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሁለቱንም ገጽ ያያል፡፡ የካንኤይ ዓይነቱ ደግሞ ቀዳዳው ከነተፈጥሮው ስላለ ክር ይበቃዋል፡፡ ክፈፍ ሌላም ጥቅም አለው፡፡ የድሮው ነሐስ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ስለሚገኝ፣ ሳንቲሙ ቆዳ ላይ እየታሸ ባይውልና ሕፃን አፉ ውስጥ ባይከተው ይመረጣል፡፡

«ምን አገባህ?» ለሚሉኝ

አሁን ደግሞ ለተቃዋሚዎቼ ጆሮ ልስጥ፡፡ የመጀመሪያው ክርክር የባለቤትነት ነው፡፡ እውነት ነው፣ የጃፓን ሕግም በዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነው፡፡ በ1947 የወጣ ሕግ በሥራ ላይ ያለን የመንግሥት ሳንቲም መጉዳትና ማቅለጥ ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 200,000 የን ነው፡፡ ልብ በሉ፣ «በሥራ ላይ ያለን» ነው የሚለው፡፡ ካንኤይ ትሱሆ በወረቀት ደረጃ እስከ 1953 መጨረሻ ድረስ የአንድ የን ሺህኛ ያህል ዋጋ ነበረው፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘብነቱ ቀረ፡፡ ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ ያለችውን ባለ 5 የን ሳንቲም የበሳ ሰው ይከሰሳል፣ የ1636ቱን የበሳ ግን በነፃ ይሄዳል፡፡ ሕጉ ገንዘብን ነው እንጂ ታሪክን ለመጠበቅ አልወጣም፡፡ ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የሚቀረው ኅሊና ነው፤ የኔም ጽሑፍ ለኅሊና የቀረበ አቤቱታ ነው፡፡

ሁለተኛው ክርክር «ሞልቶ የተረፈ ሳንቲም ነው» የሚል ነው፡፡ ይኼም እውነትነት አለው፡፡ ካንኤይ ከ200 ዓመት በላይ ስለተሠራ ዛሬም በርካሽ ይገኛል፡፡ ነገር ግን «ካንኤይ» የሚባለው አንድ ዓይነት ሳንቲም አይደለም፡፡ በፊደሉ አጣጣል፣ በጀርባው ምልክትና በተሠራበት ቦታ አጥኚዎች በመቶ የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይለያሉ፡፡ ከነዚህ መካከል ተራም ብርቅም አለ፡፡ መሰርሰሪያ ግን ይህን አይለይም፡፡ ሳያነቡ መብሳት መጽሐፉን ሳይገልጡ ለስኳር መጠቅለያ እንደ መቅደድ ነው፡፡

ሦስተኛው ክርክር የአንጥረኛው እንጀራ ነው፡፡ «ምስኪን ሠራተኛ ላይ ሸክም አትጨምር» ይሉኛል፡፡ እኔ ግን እላለሁ፣ ብየዳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክፈፍ ግን እጅ ይፈልጋል፡፡ እጅ የሚፈልግ ሥራ ደግሞ የተሻለ ያስከፍላል፡፡ ሸክም ሳይሆን ሙያ ነው የጨመርኩለት፡፡

ወደ ጠገራችን ስንመለስ

«የጃፓን ሳንቲም ለኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም፡፡ ትክክል ናችሁ፣ እኛ አገር ካንኤይ ያደረገ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፡፡ ጠገራ ብር ያለበት ቤት ግን ብዙ ነው፡፡ በእናቶቻችን ሳጥን፣ በአያቶቻችን ማተብና ድሪ ላይ፣ በየብር ሠሪው መደብ ላይ ማርያ ትሬዛ አለች፡፡ የሁለቱ ሳንቲሞች ዕጣ ደግሞ እጅግ ይመሳሰላል፡፡

ካንኤይ የ1624-1644 ዘመን ስም ይዞ እስከ 1860ዎቹ ድረስ ሲሠራ ኖረ፡፡ ማርያ ትሬዛም እንደዚሁ ናት፡፡ ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች፤ ሳንቲሟ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል፡፡ ሁለቱም ሳንቲሞች ላይ ዘመን ቆሟል፡፡ ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይኼ የ1636 ነው» ወይም «ይኼ የ1780 ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት፡፡ ዕድሜው የሚታወቀው ከተጻፈው ዓመት ሳይሆን ከጥቃቅኑ ነገር ነው፤ ከፊደሉ አጣጣል፣ ከንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ዕንቁዎች፣ ከጠርዙ ጽሑፍ፡፡ ብየዳና ፍተጋ መጀመሪያ የሚያጠፉት ደግሞ እነዚህኑ ጥቃቅን ነገሮች ነው!

ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፡፡ ወቄት የምንለው የወርቅና የብር መመዘኛችንም ከዚሁ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነው፡፡ አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር በፓሪስ ማስመታት ቢጀምሩም ጠገራ በቀላሉ ከገበያ አልወጣም፡፡ በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ከመገበያያነት የቀረው፡፡ ብር ሠሪዎቻችን ጠገራን አቅልጠው መስቀል፣ አምባርና አልቦ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ይኼ ራሱን የቻለ የተከበረ ጥበብ ነው፤ አልወቅሰውም፡፡ የማዝነው ሌላ ነው፡፡ ዛሬ አንዲት እናት ችግር ገብቷት የአያቷን ባለ ጠገራ ድሪ ይዛ ስትወጣ የሚጠብቃት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ግራም ነው?»፡፡ ድሪውን ማን ሠራው፣ የየት አገር ነው፣ ጠገራው የትኛው ነው፣ በማን ሠርግ ላይ ተደረገ የሚል ጠያቂ የለም፡፡ እነዚያ የዮኮሐማ ነጋዴዎች አሁንም በሕይወት አሉ ማለት ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማልቀስ ብቻውን አይበቃምና ጥቂት ሐሳብ ላቅርብ፡፡ ሳንቲም ጌጥ እንዲሆንላችሁ ስትፈልጉ በመጀመሪያ አንብቡት፤ ካልቻላችሁ የሚያነብ ፈልጉ፡፡ ሁለተኛ፣ አንጥረኛው ዘንድ ስትሄዱ «እንዲፈታ አድርገህ ሥራልኝ» በሉት፡፡ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ታድናለች፡፡ ሦስተኛ፣ አታስፈትጉት፤ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃዋል፡፡ አራተኛ፣ ከሳንቲሙ ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አኑሩ፤ ምንነቱን፣ ክብደቱን፣ ከማን እንደመጣ የምትናገር፡፡ አምስተኛ፣ በሞዴል የተሠራ ቅጂ ከሆነ ቅጂ ነው በሉ፡፡ የወርቅ ኮባን ቅጂ በየቦታው ሞልቷል፤ ቅጂ ማድረግ አያሳፍርም፤ ቅጂን እውነተኛ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው፡፡

ለዲፓርትመንታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ፡፡ ቶኪዮ ውስጥ የጃፓን ባንክ ከ1985 ጀምሮ የገንዘብ ሙዚየም ከፍቶ ለሕዝብ ያሳያል፡፡ እኛ ሙዚየም ለመክፈት አቅም የለንም፤ ሚዛን፣ ማስመሪያና ካሜራ ግን አናጣም፡፡ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የእናቶቻችንን የሳንቲም ጌጥ ብንመዝን፣ ፎቶ ብናነሳና ታሪኩን ጠይቀን ብንጽፍ፣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ማንም ያልሰበሰበው መዝገብ ይኖረናል፡፡ የቤተሰቡን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ የጌጡ ታሪክ ይበቃናል፡፡ ጌጡ ነገ ቢሸጥ እንኳ መዝገቡ ይቀራል፡፡ ፈቃደኛ የሆናችሁ በክፍል ተጠሪዎቻችሁ በኩል ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ሚዛን ከቤተ ሙከራ መዋስ እንደሚቻል ጠይቄ አረጋግጫለሁ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡